ላዳ፦ ቱሪን ተወልዶ ቮልጋ ዳር ያደገው መኪና

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ላዳን አሳዩኝ አይልም። አካሉ ሰማያዊ፣ ጣሪያው ነጭ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚለይ መኪና ነው። ግን ከየት መጣ? ስንት ዓይነት አለው? ወንድሞቹስ እነማን ናቸው? እነዚህን በአማርኛ አንድ ቦታ ሰብስቦ የያዘ ጽሑፍ ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ የማውቀውን እዚህ አሰባስቤዋለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፊያት 124

ታሪኩ የሚጀምረው ጣሊያን፣ ቱሪን ከተማ ነው። ፊያት በ1966 አዲስ የቤተሰብ መኪና ይዞ ወጣ። ስሙ ቁጥር ብቻ ነበር፤ 124። የሥራው መሪ ኢንጂነር ኦስካር ሞንታቦኔ ነው። ሞተሩ ደግሞ ቀድሞ ለፌራሪ ሞተር ይቀርጽ የነበረው የአውሬሊዮ ላምፕሬዲ እጅ አለበት።

መልኩ ቀጥ ያለ ሳጥን ነው። አራት በር አለው፣ ቤተሰብ ይይዛል፣ ዕቃ መጫኛው ሰፊ ነው። ሞተሩ 1197 ሲሲ፣ ጉልበቱ 60 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቱ 855 ኪሎ ግራም። ሞተሩ ከፊት ሆኖ የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው። አራቱም እግር ላይ ዲስክ ፍሬን ነበረው። በዚያን ጊዜ ይህ ለተራ የቤተሰብ መኪና ቀላል ነገር አይደለም። ከኋላም የተሸከመው ባሌስትራ ሳይሆን ሞላ ስለነበር አነዳዱ ለስላሳ ነበር። በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ ምርጥ መኪና ተብሎ ተሸለመ።

ከዚያ ዓይነቱ በዛ። ፋሚሊያሬ የሚባለው ከኋላ የተራዘመ፣ ዕቃ ለሚያመላልስ ቤተሰብ የተሠራ ነው። ሁለት በር ያለው ኩፔ ወጣ። ፒኒንፋሪና የቀረጸው ጣሪያው የሚታጠፍ ስፓይደርም ወጣ፤ ይኼኛው ከሁሉም ቆይቶ እስከ 1985 ተመረተ። በ1968 ባለ1438 ሲሲው ስፔሻል፣ በ1970 ደግሞ ከአናቱ ሁለት ካምሻፍት፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ፣ ያለው ስፔሻል ቲ መጡ። ከስፓይደሩ የተወለደው አባርት ራሊ በ1972 እና በ1975 የአውሮፓን የራሊ ሻምፒዮና ወስዷል። አራት በሩ 124 በ1974 ማምረት ቆመና ቦታውን ለፊያት 131 ለቀቀ።

ጣሊያን ውስጥ ታሪኩ ስምንት ዓመት ነው። ትልቁ ታሪክ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ቶሊያቲ

በ1960ዎቹ አጋማሽ የሶቭየት ኅብረት መንግሥት ለተራው ዜጋ መኪና በብዛት ለማምረት ቆርጦ ተነሣ። ከራሱ ንድፍ ቢጀምር ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ ያለቀለት መኪና ከነፋብሪካው ለመግዛት ወሰነ። ነሐሴ 1966 ላይ ሞስኮ ውስጥ ከፊያት ጋር ዋናው ውል ተፈረመ። ከሌሎች አውሮፓውያን አምራቾች ጋርም ንግግር ነበር፤ ፊያት የተመረጠው የጣሊያን ኮሚኒስት ፓርቲ ጠንካራ ስለነበር ነው የሚሉም አሉ። እኔ ግን መኪናው ራሱ በቂ ምክንያት ይመስለኛል። ቀላል፣ ሰፊና በየትኛውም ጋራዥ ሊጠገን የሚችል ነበር።

ፋብሪካው የተተከለው በቮልጋ ወንዝ ዳር ነው። ከተማዋ ቀድሞ ስታቭሮፖል ትባል ነበር። አሮጌው ከተማ በ1950ዎቹ ለኃይል ማመንጫ በተሠራው ግድብ ውኃ ተውጦ ሕዝቡ ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛውሯል። በ1964 የጣሊያን ኮሚኒስቶች መሪ ፓልሚሮ ቶሊያቲ ሲሞት ከተማዋ በስሙ ተጠራች። የጣሊያን መኪና ጣሊያናዊ ስም ባላት የሩሲያ ከተማ ሊሠራ ነው ማለት ነው። የፋብሪካው ግንባታ በ1967 ተጀምሮ በሚያዝያ 1970 የመጀመሪያዎቹ ስድስት መኪኖች ወጡ። ሁለቱ ሰማያዊ፣ አራቱ ቀይ ነበሩ። ፋብሪካው በዓመት 660,000 መኪና እንዲያመርት ታስቦ የተሠራ ነው። በ1973 መጨረሻ አንድ ሚሊዮንኛው መኪና ወጣ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ላዳ የፊያት ቅጂ ነው ይላል። ቅጂ አይደለም። ከ800 በላይ ለውጥ ተደርጎበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶቭየቶቹ ከጣሊያን የመጡትን 124ቶች ወስደው በራሳቸው መንገድ ፈተኗቸው። ከሞስኮ ወጣ ብሎ ድሚትሮቭ አጠገብ የሙከራ ሜዳ ነበራቸው። ኮብልስቶን አለ፣ ጭቃ አለ፣ ጉድጓድ አለ። ለስላሳ አስፋልት የለመደው መኪና አልቻለውም። አካሉ ተሰነጠቀ። የኋላ ዲስክ ፍሬኑን ጭቃና አሸዋ ቶሎ በላው። የሆዱ ከፍታም አነሰ።

ስለዚህ ወደ ሥራ ገቡ። ቆርቆሮው ወፈረ፣ አካሉ የሚሰነጠቅበት ቦታ ሁሉ ተጠናከረ። መኪናው ከመሬት ከፍ አለ። ከኋላ ዲስኩ ወጥቶ ጭቃ የማይደፍረው ባለከበሮ ፍሬን ገባ። የፊትና የኋላ ተሸካሚው እንደገና ተሠራ። ፍሪሲዮኑ ተጠናከረ። ባትሪ ቢሞት በእጅ የሚሽከረከር ማኖቬላ የሚገባበት ቀዳዳ ከፊት ፓራውልቱ ላይ ተበጀ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ክብደቱ 955 ኪሎ ግራም ደረሰ። መቶ ኪሎ ሙሉ ብረት ተጨመረበት።

ትልቁ ለውጥ ሞተሩ ነው። የፊያቱ ካምሻፍት ከታች፣ ብሎኩ ውስጥ ነበር። የላዳው ከላይ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ወጣ። የፒስቶኑ ስፋት ከ73 ወደ 76 ሚሊሜትር አደገ፣ ምልልሱ ከ71.5 ወደ 66 አጠረ። 1198 ሲሲ ሆነ። ሲሲው ከፊያቱ ጋር እኩል ይመስላል፤ ሞተሩ ግን ሌላ ሞተር ነው።

ስለ ክፍያው የሚወራ ነገር አለ። ሶቭየቶቹ ለፊያት የከፈሉት በጥራት ዝቅተኛ በሆነ ብረት ስለነበር በዚያ ዘመን የጣሊያን መኪኖች ዝገት የበላቸው ለዚህ ነው ይባላል። ወሬው በጣም ተሰራጭቷል። ግን በ1970ዎቹ ከጣሊያን ውጭም ዝገት ያልበላው መኪና ጥቂት ነው።

ስሙ

አገር ቤት መኪናው ዢጉሊ ተባለ። ዢጉሊ ከፋብሪካው ማዶ፣ ከቮልጋ ወዲያ ያሉ ኮረብታዎች ስም ነው። ወደ ውጭ ሲላክ ግን ችግር መጣ። ቃሉ በአውሮፓ ቋንቋዎች በሴት ገንዘብ ለሚኖር ወንድ ከሚሰጠው ስያሜ ጋር ይመሳሰላል፤ ስሙ የተቀየረው በዚህ ነው ተብሎ ይነገራል። ለውጭ ገበያ ላዳ ተባለ። በኋላ ሰዉ የመጀመሪያውን ሞዴል ኮፔይካ እያለ ጠራው። ኮፔይካ የሩሲያ ሳንቲም ናት። ንቀት ሳይሆን ፍቅር ነው።

ቁጥሮቹ

የፋብሪካው አጭር ስም ቫዝ ስለሆነ ሞዴሎቹ ቫዝ ከሚለው ቀጥሎ በቁጥር ይጠራሉ። 2101 የመጀመሪያው ነው። ሁለት ክብ መብራት፣ ቀጭን የኒኬል ፓራውልት፣ አራት ማርሽ። 2102 ከኋላ የተራዘመው የዕቃ መኪና ነው። በ1972 የመጣው 2103 አራት ክብ መብራትና የተሻለ የውስጥ ዕቃ ይዞ መጣ፣ ሞተሩም 1452 ሲሲ ሆነ። በ1974 21011 በ1294 ሲሲ ተከተለ። በ1976 ደግሞ 2106 በ1569 ሲሲ።

እዚህ ቁጥር ውስጥ መካኒክ የሚወደው ምሥጢር አለ። የፒስቶኑ ስፋት ሁለት ብቻ ነው፣ 76 ወይም 79። ምልልሱም ሁለት ብቻ ነው፣ 66 ወይም 80። ጠባቡን ከአጭሩ ብታጋባ 1198 ነው። ሰፊውን ከአጭሩ፣ 1294። ጠባቡን ከረጅሙ፣ 1452። ሰፊውን ከረጅሙ፣ 1569። አራት ሞተር ከሁለት ሁለት መጠን ወጣ። መለዋወጫው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። አሮጌ ላዳ ያለው ሰው ዕቃ ጠፋ ብሎ የማይጨነቀውም ለዚህ ነው።

2106 ለ30 ዓመት ያህል ተመርቷል። ከአራት ሚሊዮን በላይ ወጥቷል። የሶቭየት ቤተሰብ ሕልም የሚባለው እሱ ነበር።

በ1980ዎቹ መግቢያ መልኩ ተለወጠ። 2105 አራት ማዕዘን መብራት ይዞ መጣ፣ ካምሻፍቱንም በሰንሰለት ፈንታ ቺንጋ ያዞረው ጀመር። በ1982 የወጣው 2107 ግንባሩ ላይ ትልቅ የኒኬል ፍርግርግ አለው። 2104 የዚሁ ትውልድ የዕቃ መኪና ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሪቫ፣ ጀርመን ውስጥ ኖቫ ተብለው ተሸጡ። ልብሱን አውልቀህ ብታየው ግን ውስጡ ያው የ1970ው መኪና ነው።

የፖሊስና የጸጥታ ሰዎች የሚነዱት፣ ፒስቶን የሌለው ባለሮታሪ ሞተር ላዳም ተሠርቶ ነበር። ሊቱዌኒያ ቪልኒየስ ውስጥ ደግሞ ስታሲስ ብሩንድዛ የሚባል የራሊ ሰው 2105ን ወስዶ 160 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ የውድድር መኪና አደረገው። ከ2106 ሞተርና ዕቃ ተነሥቶ በ1977 የወጣው ባለአራት ጎማ ጎታቹ ኒቫ የራሱ ታሪክ ስላለው እዚህ አልገባበትም።

ሩሲያ ውስጥ የመጨረሻዎቹ 2107 እና 2104 በ2012 ተመርተው ቆሙ። ከ1970 እስከዚያ ድረስ ከ17 ሚሊዮን በላይ ወጥተዋል።

የሩቅ ዘመዶች

ፊያት 124 ሌላም ቦታ ወልዷል። ስፔን ውስጥ ሴያት ከ1968 እስከ 1980 አመረተው። ቱርክ ውስጥ ቡርሳ ላይ ቶፋሽ በ1971 ሙራት 124 ብሎ ጀመረ፤ ቱርኮች እስከ ዛሬ ሐጂ ሙራት ይሉታል። በ1980ዎቹም ሰርቼ በሚል ስም መልሰው አመረቱት። ሕንድ ውስጥ ፕሪሚየር በኒሳን ሞተር 118ኤንኢ ብሎ ሠራው። ኮሪያም ለጥቂት ዓመታት ተገጣጥሟል። አንዳቸውም ግን እንደ ላዳ አልበዙም፣ እንደ ላዳም አልቆዩም።

አዲስ አበባ

ከላዳ በፊት አዲስ አበባ ላይ በታክሲነት የምትታወቀው ሌላዋ የፊያት ልጅ፣ ትንሿ ሴይቼንቶ ነበረች። በደርግ ዘመን ከሶቭየት ኅብረት ጋር በነበረው ወዳጅነት ላዳ ገባ፣ የታክሲውንም ቦታ ያዘ። ሚኒባስ መስመር ጠብቆ ሲሄድ ላዳ በኮንትራት ይሠራል። ዋጋ ትነጋገራለህ፣ ትስማማለህ፣ በርህ ድረስ ያደርስሃል። ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ሆስፒታል ያደረሰ እሱ ነው። ለበዓል ከገበያ በግ የጫነም እሱ ነው። ፖርቶመጋላው ላይ ፍራሽ፣ አልጋና ቁም ሣጥን አስሮ ስንቱን ተከራይ ቤት ቀይሯል።

አጎቴ ላዳ ነበረችው። ጠዋት ማስነሣቱን ከልጅነቴ አስታውሳለሁ። ቁልፏ ከመሪው በስተግራ ነው፤ ሌላ መኪና የለመደ ሹፌር በቀኝ እጁ ሲፈልግ ይቆያል። መጀመሪያ ቾኩን ይስባል። ከዚያ ነዳጅ መስጫውን ሁለቴ ይረግጣል። ሞተሪኖው ያጓራና ያቆማል። አልነሣም ካለች እኔና የጎረቤት ልጆች ከኋላ እንገፋለን፣ እሱ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን በድንገት ይለቃል። በስፒንታ ትነሣለች። እጃችን ላይ የሰማያዊ ቀለሟ ብናኝ ይቀራል።

ኮፈኗ የሚከፈተው ከመስታወቱ በኩል ነው፤ ማጠፊያው ከፊት፣ ከመብራቶቹ በላይ ነው። አጎቴ ይህን ሲያስረዳኝ፣ መንገድ ላይ መቆለፊያው ቢለቅ እንኳ ንፋስ አንሥቶ መስታወት ላይ አይጥለውም አለኝ። ንድፉ የቱሪን ነው።

ቋንቋውም የቱሪን ነው። ጋራዥ ግባ። መካኒኩ ፍሪሲዮን ይላል፣ ካንዴላ ይላል፣ ሞተሪኖ ይላል፣ ኮፈን ይላል። ቃሉ ሁሉ ጣሊያንኛ ነው፤ በጣሊያኖች ዘመን ገብቶ የቀረ። መኪናው ግን በሩሲያ በኩል ዞሮ የመጣ ነው። ላዳ ሲደርስ የአዲስ አበባ መካኒክ የክፍሎቹን ስም እንደ አዲስ መማር አላስፈለገውም።

ከጊዜ በኋላ ለታክሲ ማኅበራት ከቀረጥ ነፃ አዳዲስ መኪኖች ገቡ፣ ቀጥሎም በስልክ የሚጠሩ ታክሲዎች መጡ። ላዳ ከዋና ዋና ጎዳናዎች ቀስ በቀስ ቀነሰ። በ2024 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። መርካቶ ሶማሌ ተራ ግን የላዳ ዕቃ ስትጠይቅ ሻጩ የስንት ዓመተ ምሕረት ነው አይልህም። ቴስታታው የአሥራ ሁለት መቶ ነው ወይስ የአሥራ ሦስት መቶ ብሎ ብቻ ይጠይቅሃል።