የዋርክራፍት ስድስቱ ኃይላት ምንድን ናቸው?

ስድስቱ ኃይላት ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በሚባለው የኮምፒውተር ጌም ዓለም አስማቱም፣ አማልክቱም፣ ጦርነቱም የሚመነጩባቸው ናቸው። ሦስት ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ፦ ብርሃን ከቮይድ (ከጥላው ባዶነት)፣ ሕይወት ከሞት፣ ሥርዓት ከሁከት። ጌሙን የሚጫወት ሰው ስማቸውን ባያውቅ እንኳ በሚመርጠው የገጸ ባሕርይ ዓይነት ይጠቀምባቸዋል። ፓላዲን የሚፈውስበት ኃይል የብርሃን ነው፤ ድሩይድ የሚያበቅልበት የሕይወት፣ ዴዝ ናይት ሙት የሚያስነሣበት የሞት። ሜጅ የሚወረውረው አርኬን የሥርዓት ሲሆን ወርሎክ የሚያነደው አረንጓዴ ፌል የሁከት ነው። ሻዶው ፕሪስት ደግሞ ከቮይድ ይቀዳል።

ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ኃይላቱን በአንድ ሥዕል አሰልፎ ያሳየው ግን ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2016 የታተመው የክሮኒክል መጽሐፍ 1ኛ ቅጽ ነው። በሥዕሉ መካከል እውኑ ዓለም አለ፤ ዙሪያውን እሳት፣ አየር፣ ውኃ፣ መሬት፣ መንፈስና መበስበስ ከበውታል፤ ስድስቱ ኃይላት ከዳር ተቀምጠዋል። የደጋፊዎች ግምት አብዛኛው ከዚህ ሥዕል ይነሣል፤ አብዛኛው ስሕተትም እንዲሁ። ምክንያቱም ሥዕሉን ብዙ ሰው የማያዳግም ቃል አድርጎ ይወስደዋል። የጌሙ ጸሐፊዎች ግን ክሮኒክል ነገሩን በታይታኖች (ዓለማትን በሚቀርጹ አማልክት መሰል ፍጡራን) ዓይን የሚተርክ መሆኑን ኋላ ላይ ተናግረዋል። ታይታኖች ደግሞ የሥርዓት ወገን ናቸው። በ2021 የወጣው የሻዶውላንድስ (የሙታን ዓለም) መጽሐፍም ተራኪው ደላላ ነው፤ ከዓለም ዓለም እየዞረ ምሥጢር የሚነግድ ፍጡር። በ2022 ድራጎንፍላይት የተባለው የጌሙ ተጨማሪ ክፍል ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ጠራ፦ ዘንዶዎቹን የለወጣቸው የታይታኖች ሥርዓት በክሮኒክል በረከት ሲመስል፣ ራዛጌዝ የተባለችው ዘንዶና ወገኖቿ ግን የተጫነባቸው ቀንበር ነው ብለው ተዋጉት።

ጎጃም ላደገ ሰው ይህ የአሠራር ጠባይ እንግዳ አይደለም። የዋሸራም ሆነ የጎንጅ ተማሪ ንባቡን ሳያጸና ቅኔ አይቆጥርም፤ የትርጓሜ መምህርም «አንድም» እያለ ሁለተኛና ሦስተኛ ፍቺ ሲያመጣ ሁሉም የሚቆሙት በዚያው ንባብ ላይ ነው። የሎር (የጌሙ ታሪክ) ግምትም የሚጸናው እንዲህ ሲሠራ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ከኩዌስት (ጌሙ ከሚሰጠው ተልእኮ) ስትቀዱ አብራችሁ ማን እንደተናገረው፣ ለማን እንደተናገረው፣ በየትኛው ፓች (የጌሙ ማሻሻያ) እንደተነገረ ጻፉ። ከታች ደግሞ ያያችሁትን ለብቻ፣ የገመታችሁትን ለብቻ አስቀምጡ። ይህን ሳያደርጉ ሁለት ሳምንት የተከራከሩበት ነገር፣ መጨረሻው ላይ የሁለት ተራኪዎች አለመስማማት ሆኖ ይገኛል። ከሙከራ ሰርቨር የተገኘ ጽሑፍ ከሆነ በተለይ ተጠንቀቁ፤ ፓቹ ሳይወጣ ሊቀየር ይችላል።

ቀለም ብዙ ሰው ያሳስታል። ሐምራዊ ብርሃን ባዩ ቁጥር «ቮይድ ነው» የሚሉ አሉ፤ አርኬንም ወደ ሐምራዊ ያደላል። አረንጓዴ የፌልም የሕይወትም ነው። ስለዚህ ቀለሙ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የአስማቱ ስም ወይም የባለቤቱ ማንነት ሊታከልበት ይገባል።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ብርሃንና ቮይድ በእርግጥ ጠላቶች ናቸው? ጌሙ ራሱ ያሳየውን እንይ። ናሩ የሚባሉት የብርሃን ፍጡራን ኃይላቸው ሲሟጠጥ ወደ ቮይድ ይለወጣሉ። በ2008 በወጣው፣ ሰንዌል ፕላቶ በተባለው የቡድን ውጊያ፣ ሙሩ የተባለውን ናሩ የሚገጥም ቡድን ይህን በዓይኑ ያየዋል፤ የሙሩ ጉልበት ሲያልቅ ውጊያው አያበቃም፣ ኤንትሮፒየስ የሚባል የቮይድ ፍጡር ሆኖ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ነቢዩ ቬለን ሰንዌል የተባለውን የአስማት ምንጭ ዳግም ያነጻው በዚያው በሙሩ ልብ ነው። በ2024 የወጣው ዋር ዊዝን የተባለው ተጨማሪ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሃሎውፎል የሚባለው የምድር ውስጥ አገር ጣሪያ ላይ ቤለዳር የተባለ ግዙፍ ክሪስታል አለ፤ እንደ ፀሐይ አገሩን ያበራል፣ በየ3 ሰዓቱ ደግሞ ወደ ቮይድ ይገለበጣል። ሁለቱ በአንድ አካል ላይ ከተፈራረቁ፣ «ፍጹም ተቃራኒ» የሚለው የሥዕሉ አቀማመጥ ሙሉውን አይነግረንም ማለት ነው።

ብርሃን ጥሩ ነው የሚለውም እንዲሁ አያስኬድም። ሌጅን በተባለው ተጨማሪ ክፍል ዘመን ዜራ የተባለችው ናሩ ኢሊዳን የተባለውን የአጋንንት አዳኝ ያለፈቃዱ በብርሃን ልትቀይረው ስትሞክር እንቢ ብሎ አጠፋት። ስለዚህ የኃይላቱን ጠባይ ከመልካምና ከክፉ ይልቅ በሚፈልጉት ነገር መለየት ይሻላል፤ ብርሃን አንድ መንገድ ብቻ ይፈልጋል፣ ቮይድ ሁሉንም መንገድ ባንዴ ያያል፣ ሥርዓት ሁሉን መልክ ማስያዝ ይወዳል።

በብዛት የሚነሣው ግምት የሰባተኛው ኃይል ነው። በ2022፣ በ9.2 ፓች፣ የሻዶውላንድስ ታሪክ ዋና ጠላት ዞቫል ሲሞት የተከፋፈለ ጠፈር የሚመጣውን አይቋቋምም የሚል ቃል ተናገረ። «የሚመጣው» ማን ነው? ብዙዎች ሰባተኛ ኃይል ነው ይላሉ። መጀመሪያ ግን ተናጋሪውን መመዘን ያስፈልጋል፦ ዞቫል ሁሉን ከሥሩ ጠቅልሎ ሊገዛ የተነሣ ነው፤ የጋራ ጠላት መኖሩ ለእሱ ሥራ ማመካኛ ይሆንለታል። አንድም እውነቱን አውቆ ተናግሮ ይሆናል፤ ሁለቱም ፍቺ ቃሉን አይጥልም።

ሰባተኛዋ ራሷ አዜሮት፣ ጌሙ የሚካሄድባት ነፍስ ያላት ዓለም፣ ናት የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ የሚረዳው መመዘኛ ቀላል ነው። ከስድስቱ ኃይላት ጋር የራሱ አስማት፣ የራሱ ፍጡራን፣ የራሱ መኖሪያ ዓለም ሲያያዝ እናያለን፤ ለሕይወት የኤመራልድ ሕልም፣ ለሞት ሻዶውላንድስ እንደሆነው። አዜሮት ምን አላት? የከዳው ታይታን ሳርጌራስ ሰይፉን ሲሊተስ በሚባል በረሃ ላይ ከሰካባት በኋላ የወጣው አዜራይት ደሟ ነው፤ ወርቃማና ሰማያዊ፣ ከስድስቱ ከአንዱም ጋር ሙሉ በሙሉ የማይገጥም። ይህ ከባድ ማስረጃ ነው። በሌላ በኩል ክሮኒክል የዓለም ነፍስ አድጎ ታይታን ይሆናል ይላል፤ ያ ደግሞ ወደ ሥርዓት ይመልሳታል። ይህን ያለን ግን በታይታኖች ዓይን የተጻፈው መጽሐፍ ነው። ፍጡራኗንና መኖሪያዋን ለይቶ ያሳየ ስለሌለ፣ ግምቱ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዞ ነው የሚሄደው፤ የሚያስኬድ ነው፣ ገና አልተረጋገጠም።