የክረምት የሙዚየም ኢንተርንሽፕ ምንድን ነው?

ልጃቸው ክረምቱን በሙዚየም ልትሠራ መሆኑን የሰሙ ወላጆች መጀመሪያ የሚጠይቁት "እዚያ ደግሞ ምን ሥራ አለ?" ብለው ነው። አይፈረድባቸውም። ጎብኚ ሆኖ ለሄደ ሰው ሙዚየም ማለት በመስታወት ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ፣ ከጥግ የቆመ ጥበቃና "መንካት ክልክል ነው" የሚል ጽሑፍ ነው። ተማሪዎች በክረምት የሚገቡበት ሥራ ግን ባብዛኛው ከዚያ አዳራሽ ጀርባ ነው። የሙዚየም ትልቁ ክፍል እንደ ገዳም ዕቃ ቤት ለሕዝብ ያልተከፈተው ነውና።

ኢንተርንሽፕ የሚባለው የኮሌጅ ተማሪ ለተወሰነ ጊዜ፣ በክረምት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ለ10 ሳምንት ያህል፣ ከአንድ ባለሙያ ሥር ሆኖ እውነተኛ ሥራ እየሠራ ሙያውን የሚማርበት ዝግጅት ነው። ከበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚለየው ተማሪው ስሙ የተነገረ ሥራ፣ የሚከታተለው ኃላፊና በመጨረሻ የሚያስረክበው ነገር ስላለው ነው። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ ስሙ ምንም ይሁን ምን ፎቶ ኮፒ ማንሳት ነው።

በአሜሪካ የዚህ ዓይነቱ ሥራ ዋና ማዕከል ዋሽንግተን ዲሲ ናት። በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰፈሮች እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። አሜሪካን ረግጦ የማያውቀው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጄምስ ስሚዝሰን በተናዘዘው ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1846 የተቋቋመው ስሚዝሶኒያን ዛሬ 21 ሙዚየሞችና አንድ የእንስሳት ማቆያ አሉት። የያዛቸው ዕቃዎችና ናሙናዎች ከ150 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ ለጎብኚ የሚታዩት ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞሉም። የቀረው በየመጋዘኑ፣ ለምሳሌ ሜሪላንድ ውስጥ ሱትላንድ በሚባለው ቦታ ባለው ግዙፍ ማከማቻ ይገኛል። አንዱ ዕቃ የት እንዳለ፣ ምን እንደሆነና በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ካልታወቀ መኖሩና አለመኖሩ ልዩነት የለውም። ተማሪው የሚገባው በዚህ መሐል ነው።

ሥራውን በቅርብ ለማየት አንድ የብራና ክታብ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ እንበል። ከአጋንንትና ከበሽታ እንዲጠብቅ ተጽፎ፣ በባለቤቱ ቁመት ልክ ተሰፍቶ፣ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር የሚያዘው ዓይነት ነው። በአሜሪካ ሙዚየሞችና ቤተ መጻሕፍት ብዙ አሉ። ተማሪው እስክሪብቶውን ከበር ያስቀምጣል፤ በዚያ ክፍል የሚፈቀደው እርሳስ ብቻ ነው፤ ቀለም ብራና ላይ ከፈሰሰ አይመለስም። ጓንት ግን ላያደርግ ይችላል። ፊልም ላይ ነጭ ጓንት የለመደ ሰው ይገርመዋል እንጂ፣ ጓንት የጣትን ስሜት ስለሚያደነዝዝ ብራናና ወረቀት ሲያዝ ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ይመረጣል። ጓንት ግዴታ የሚሆነው ለምሳሌ የናስ ወይም የብር መስቀል ሲነሳ ነው፤ የእጅ ላብ ጨው ብረቱን ይበላዋልና።

ከዚያ ሁኔታውን መመዝገብ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "አርጅቷል፣ ትንሽ ተቀዷል" ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። "ከላይኛው ጫፍ 14 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በግራ ጠርዝ በኩል፣ ወደ ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር የገባ ቅዳጅ አለ" ነው የሚባለው። ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ክታቡን አውጥቶ ቅዳጁ 3 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ቢያገኘው ችግር መኖሩን የሚያውቀው በዚያ መስመር ነው። ቀጥሎ ቁጥር አለ። በብዙ ሙዚየሞች 2019.14.3 ማለት በ2019 ከገቡት ስብስቦች በአሥራ አራተኛው ውስጥ ያለ ሦስተኛው ዕቃ ማለት ነው። በመስቀሉ ላይ ቁጥሩ በቀጥታ አይጻፍም፤ መጀመሪያ በአሴቶን ሊለቅ የሚችል ግልጽ ቫርኒሽ በማይታይ ቦታ ይቀባል፤ ሲደርቅ ቁጥሩ በላዩ ይጻፋል፤ ከዚያ ሌላ ቅብ ይደረግበታል። በጨርቅ ከሆነ በጥጥ ጥብጣብ ላይ ተጽፎ በቀስታ ይሰፋል። ደንቡ አንድ ነው፦ ሙዚየሙ በዕቃው ላይ ያደረገው ነገር ሁሉ አንድ ቀን መነሳት መቻል አለበት።

ወደ ክታቡ እንመለስ። የድሮው የመዝገብ ካርድ "የጸሎት ጥቅል፣ አቢሲኒያ" ብሎ ሊያበቃ ይችላል። ከዚያ በላይ የሚጻፈው ፊደል የሚያነብ ሰው ሲገኝ ነው። በክታቡ ውስጥ "ለአመትከ" ከሚለው ቃል ቀጥሎ የባለቤቷ የክርስትና ስም አለ፤ ወለተ ማርያም ወይም ወለተ ጊዮርጊስ ሊሆን ይችላል። አልፎ አልፎ ያ ስም ተፍቆ በሌላ እጅ፣ በሌላ ቀለም ሌላ ስም ተጽፎበት ይገኛል። ይህ ማለት ክታቡ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተላልፏል። ፍቁን በጎን በኩል በሚያበራ መብራት አይቶ ሁለቱንም ስሞች መመዝገብ የአንድ ተማሪ የሁለት ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ያ ዕቃ ሰው ያለው ዕቃ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ ልጅ ይህን ችሎታውን ከማመልከቻው ላይ ሲተወው ያስቆጫል። በእርግጥ ፊደል ማንበብና ግዕዝ ማወቅ አንድ አይደሉም፤ ይህንንም ሳይደብቁ መናገር ያስከብራል።

የታሪክ ኢንተርንሽፕ የሚባለው ደግሞ ከዕቃ ይልቅ ከወረቀት ጋር የሚውለው ነው። የዝገት ምልክት የሚተዉ ስቴፕለር ሽቦዎችን ከአሮጌ ደብዳቤ ላይ ነቅሎ፣ ደብዳቤዎቹን አሲድ በሌለው ማኅደር አደራጅቶ፣ በየሣጥኑ ምን እንዳለ የሚናገር መዘርዝር ማዘጋጀት፤ የአረጋውያንን ቃለ መጠይቅ ከቅጂ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፤ ለዐውደ ርዕይ የቀረበ አንድ ዓረፍተ ነገር እውነት መሆኑን ማጣራት። እዚያው ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ከ1991 ጀምሮ በየክረምቱ የሚቀበላቸው "ጁኒየር ፌሎውስ" ተብለው ይጠራሉ፤ ክፍያ አላቸው፤ በመጨረሻም ያገኙትን ለሕዝብ ያሳያሉ። ትልቁን የአማርኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ቶማስ ኬን የሰበሰባቸው የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች የሚገኙትም በዚሁ ቤተ መጻሕፍት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ለረጅም ዘመን የሙዚየም ኢንተርንሽፕ በነጻ ይሠራ ነበር። ዋሽንግተን ወይም ኒውዮርክ ለአሥር ሳምንት ቤት ተከራይቶ፣ በልቶና ተሳፍሮ ያለ ደመወዝ መሥራት የሚችለው ግን የማን ልጅ ነው? አባቱ ታክሲ የሚነዳ፣ እናቱ በሆስፒታል ሌሊት የምትሠራ፣ ራሱም በክረምት ሠርቶ ለመጻሕፍት መግዣ የሚያጠራቅም ልጅ አይደለም። ውጤቱም ሙያው ለባለጸጋ ልጆች ቀረ። በሎስ አንጀለስ ጌቲ የተባለው ተቋም ከ1992ቱ የከተማዋ ሁከት በኋላ፣ በ1993፣ ከሙዚየም ዓለም ርቀው ለቆዩ ማኅበረሰቦች ተማሪዎች ክፍያ ያለው የክረምት ኢንተርንሽፕ የጀመረው ለዚህ ነበር። ሌሎቹ ዘገዩ። የሥነ ጥበብ ሙዚየም ዳይሬክተሮች ማኅበር አባላቱ ለተለማማጆች እንዲከፍሉ በይፋ የጠየቀው በ2019 ነው። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ደግሞ በ2020 ባገኘው የ5 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ ለተለማማጆቹ በሙሉ ለመክፈል ወሰነ።

ዛሬም የማይከፍሉ አሉ። "ክፍያ የለውም፣ ግን በትምህርት ነጥብ ይያዝልሃል" የሚለው አባባል ደግሞ ጠጋ ብሎ መታየት አለበት። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለክረምት ነጥብ እንደ ማንኛውም ትምህርት ያስከፍላሉ። ስለዚህ ተማሪው በነጻ መሥራቱ ሳያንስ ለሚሠራው ሥራ ራሱ ይከፍላል ማለት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ፣ በስም ገናና ከሆነ ግን ከማይከፍል ሙዚየም ይልቅ፣ በሰፈር ያለና የሚከፍል ትንሽ የታሪክ ማኅበር ይሻላል። ትንሹ ቤት ሦስት ሠራተኛ ስላለው ተማሪው ከዕቃ ምዝገባ እስከ ዐውደ ርዕይ ድረስ ሁሉንም ይነካል፤ ትልቁ ቤት አንድ መሳቢያ ሰጥቶት ክረምቱ ሊያልቅ ይችላል።

ማመልከቻው ቀደም ብሎ ይጀምራል። ለሰኔ የሚታሰብ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ማመልከቻው የሚዘጋው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። የሚጠየቁት የሕይወት ታሪክ፣ የውጤት መግለጫ፣ የመምህራን ድጋፍና አንድ ደብዳቤ ናቸው። የሚያስመርጠው ደብዳቤው ነው። "ከልጅነቴ ጀምሮ ታሪክ እወዳለሁ" የሚለውን መራጮቹ በየዓመቱ በመቶ ደብዳቤ ላይ ያነቡታል። በሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ ካሉት ዕቃዎች አንዱን መርጦ፣ መግለጫው ምን እንደጎደለው ጠቅሶ፣ "ይህን ማጣራት እፈልጋለሁ" የሚል አመልካች ግን ይታወሳል። ቃለ መጠይቅ ላይም ተማሪው የራሱን ጥያቄ ማቅረብ አለበት፦ የሚከታተለኝ ማን ነው? በመጨረሻው ሳምንት ምን አስረክባለሁ? ለሁለቱ ጥርት ያለ መልስ ካጣ ሌላ ቦታ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ከኢትዮጵያ በኤፍ-1 ቪዛ መጥቶ የሚማር ተማሪ ተጨማሪ ጉዳይ አለበት። በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ አንዳንድ ተቋማት የዜግነት ገደብ ስለሚኖራቸው ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ማንበብ ያስፈልጋል። ገደብ ከሌለም፣ ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ ከግቢ ውጭ ያለ የሚከፈልበት ሥራ ለመሥራት ሲፒቲ የሚባለውን ፈቃድ ከዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ማግኘት አለበት፤ ለዚህም ባብዛኛው አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት መጨረስ ይጠበቅበታል። ጉዳዩን ከጥር ጀምሮ ለቢሮው መንገር ይጠቅማል፤ ፈቃዱ ሳይወጣ ግን ሙዚየሙ ቢቸኩል እንኳ ሥራ መጀመር የለበትም።