በነቢያት መጻሕፍት «መንፈሳዊ ምንዝር» ምንድን ነው?

ትንቢተ ሆሴዕን ወይም ሕዝቅኤልን የከፈተ ሰው አንድ ነገር ያስደነግጠዋል። ጣዖት ማምለክ እዚያ ላይ ስሕተት ብቻ ተብሎ አይታለፍም። ምንዝር ይባላል። ሚስቲቱ እስራኤል ናት፣ ባሏ እግዚአብሔር፣ ውሽሞቹ ደግሞ ሌሎቹ አማልክት።

መነሻው ቃል ኪዳን ነው። በሲና የተገባው ኪዳን በነቢያቱ ዓይን እንደ ጋብቻ ነው። በኣል የተባለውን የከነዓን ጣዖት የሚያመልክ የጢሮስ ሰው፣ እስራኤላዊ ስላልሆነ፣ ባሏን የከዳች ሚስት አይባልም፤ መቼ ቃል ገባና!

ምሳሌውን ቤቱ ድረስ ያስገባው ሆሴዕ ነው። የኖረው በሰሜኑ የእስራኤል መንግሥት፣ ዋና ከተማው ሰማርያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ በአሦር እጅ ከመውደቋ ቀደም ብሎ ነው። አመንዝራ ሴት እንዲያገባ ታዘዘ፣ ጎሜር የምትባለውን አገባ። ከልጆቹ የአንዱ ስም ሎዓሚ ነው፣ «ሕዝቤ አይደለም» ማለት። ምዕራፍ 2 ላይ ሚስቲቱ ውሽሞቿን የምትከተልበትን ምክንያት ራሷ ትናገራለች፤ እንጀራዬን፣ ውኃዬን፣ ሱፌን፣ ዘይቴን የሚሰጡኝ እነሱ ናቸው ትላለች። ፍቅር አላለችም፣ የጓዳዋን ነገር ነው የዘረዘረችው። በኣል የዝናብና የነጎድጓድ አምላክ ነበር። ከነዓን ደግሞ እንደ ግብፅ ዓባይ የላትም፤ ዝናብ ከቀረ እህል የለም።

ብዙዎቻችን ሰዎቹ እግዚአብሔርን ጨርሰው የተዉት ይመስለናል። አልተዉትም። የፈለጉት በሁለት ቢላ መብላት ነው። ኤልያስም በቀርሜሎስ «እስከ መቼ ድረስ በሁለት አሳብ ታነክሳላችሁ?» ያላቸው ለዚህ ነው። በሲና በረሃ፣ ኩንቲለት አጅሩድ በተባለ ቦታ፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተቆፈሩ እንስራዎች ላይ «የሰማርያው ያህዌና አሼራው» እያለ የሚባርክ ጽሑፍ ተገኝቷል፤ ያህዌ የእስራኤል አምላክ የእግዚአብሔር ስም ነው። አሼራ እዚያ ላይ እንስት አምላክ ናት ወይስ የአምልኮ ግንድ በሚለው ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከራሉ። ያም ሆነ ይህ ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ኤርምያስ ጋ ነገሩ የቤተሰብ ሥራ ነው። ምዕራፍ 7 ላይ ልጆች እንጨት ይለቅማሉ፣ አባቶች እሳት ያነዳሉ፣ ሴቶች ሊጥ ያቦካሉ፤ የሰማይ ንግሥት ለምትባል እንስት አምላክ የሚቀርብ እንጎቻ ለመጋገር። በኋላ ኢየሩሳሌም ፈርሳ ሰዎቹ ግብፅ ሲሰደዱ ኤርምያስ ይወቅሳቸዋል። እነሱ ግን ፊት ለፊት ይመልሱለታል፦ ለሷ ስናጥን እንጀራ እንጠግብ ነበር፣ ከተውን ወዲህ ግን ሁሉ ጎደለብን፣ በሰይፍና በራብ አለቅን። ከነቢያቱ መጻሕፍት ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ይህ ክርክር ነው። ሁለቱም ወገን የሚያየው ያንኑ ፍርስራሽ ነው። አንዱ «ስላመለካችኋት ነው» ይላል፣ ሌላው «ስለተውናት ነው» ይላል።

ውሽማ የሚባለው ታዲያ ጣዖት ብቻ አይደለም። ሕዝቅኤል 23 ላይ ሰማርያ ሰማያዊ የለበሱ የአሦር ፈረሰኞችን አይታ ትመኛለች፤ ይህ የፖለቲካ ጥምረት ነው። ኢሳይያስ ደግሞ ኢየሩሳሌምን ጋለሞታ ሲላት ወዲያው የሚያነሳው ጣዖት ሳይሆን ጉቦ የሚወዱ አለቆችንና ፍርድ የተነፈጋቸውን ድሃ አደጎችና መበለቶች ነው።

ቋንቋው አንዳንድ ቦታ ይከብዳል። ሕዝቅኤል 16 ላይ ሚስቲቱ በሰው ፊት ተራቁታ ትወገራለች። ዛሬ የሚያነቡ ሴቶች ይህ ለሚደበድብ ባል ሰበብ ይሆናል ብለው ቢቆጡ አልፈርድባቸውም። ግን «ሚስቲቱ» የተባሉት ሽማግሌዎቹም፣ ካህናቱም፣ ነገሥታቱም ጭምር መሆናቸው መረሳት የለበትም። ሆሴዕማ ምዕራፍ 4 ላይ በግልጽ ይለዋል፦ ሴቶች ልጆቻችሁ ቢያመነዝሩ አልቀጣቸውም፣ ወንዶቹ ራሳቸው ከጋለሞቶች ጋር ይሄዳሉና።