የዲጂታል ጨዋታ ጥናት እንደ ዩኒቨርሲቲ ሙያ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር አንጻር

የዲጂታል ጨዋታ ጥናት የኮምፒዩተርና የስልክ ጨዋታዎችን አሠራር፣ ተጫዋቾቻቸውንና በዙሪያቸው የሚፈጠረውን ልማድ የሚመረምር የትምህርት ዘርፍ ነው። ራሱን የቻለው ዘግይቶ ሲሆን፣ በነፃ የሚነበበው «ጌም ስተዲስ» መጽሔት በኖርዌጂያዊው የሥነ ጽሑፍ ምሁር በኤስፐን ኦርሴት ዋና አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2001 መውጣት ጀመረ፤ «ዲግራ» የተባለው ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2003 ተቋቋመ።

ቀዳሚዎቹ ተመራማሪዎች ከተለያየ ሙያ የመጡ ስለነበሩ፣ ጨዋታ የሚጠናው እንደ ትረካ ነው ወይስ እንደ ሕግጋት ሥርዓት በሚለው ላይ ብዙ ተከራክረዋል። ገበጣ እያየ ላደገ ሰው ክርክሩ ትንሽ ይገርማል፤ ጠጠር ከጉድጓድ ጉድጓድ የሚያዞር ተጫዋች የሚተርከው ታሪክ የለውም፣ ሕጉ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ያሳተሙት የገበጣ ጥናት እነዚህን ልዩነቶች ስለመዘገበ ለአካባቢው ተመራማሪ መነሻ ይሆናል።

በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በድሬዳዋና በሐረር መካከል በሚገኘው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሙያ የሚመኝ ሰው፣ እንደ ቀዳሚዎቹ ሁሉ፣ በሌላ ትምህርት በኩል መግባት ይቀለዋል። ማዕረጉ ከረዳት ምሩቅነት ተነሥቶ በሌክቸረርነት፣ በረዳትና በተባባሪ ፕሮፌሰርነት አልፎ እስከ ፕሮፌሰርነት ይዘልቃል። ዕድገት የሚገኘው በአብዛኛው በታተመ ምርምር በመሆኑ፣ መምህሩ ጥናቱን ለተቀጠረበት የትምህርት ክፍል በሚስማማ መልክ ማቅረብ አለበት፤ ኮምፒዩተር ሳይንስ ከሆነ ስለ ሶፍትዌር ንድፍ፣ ጋዜጠኝነት ከሆነ ስለ ወጣቶች የሚዲያ አጠቃቀም እያለ ማለት ነው።

የመስክ ሥራው ግን ከደጅ ነው። በፕሌይስቴሽን ቤት ብዙ ጊዜ ሂሳቡ በጨዋታ ይታሰብና የተሸነፈው ይከፍላል፤ ስለዚህ ኪሱ ባዶ የሆነ ጎበዝ ልጅ ሳይከፍል ሊያመሽ ይችላል፣ ጀማሪው ደግሞ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ አስቦ ይመርጣል። ይህ ደንብ በጨዋታው ኮድ ውስጥ የለም፤ ጨዋታውን የሚመራው ግን እሱም ነው። ተጫዋቾቹ በአብዛኛው ልጆች ስለሆኑ ተመራማሪው ንግግራቸውን መቅዳት ከመጀመሩ በፊት የወላጅ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሥራ ከባድ ነው፦ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እየተቀላቀሉ ይነገራሉ፤ ስድቡ በአንዱ፣ ሙገሳው በሌላው ይወጣል። ይህን ሳያዛባ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ላይ፣ ድሬዳዋ ያደገ ተመራማሪ የተሻለ መሣሪያ ይዞ ከሚመጣ እንግዳ ይበልጣል።