ደንቆሮው ያልሰማው እርግማን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዛሬውን ትምህርት የምጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው።

ዐቢይ ጾም እንደገባ ነው። ከአገልግሎት ጓደኞቼ ጋር ባለን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ቪዲዮ ተለቀቀ። ሃያ ሰከንድ አይሞላም። አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ሱፐርማርኬት ውስጥ ጆሮዎቹን በመዳፎቹ ደፍኖ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ከዚያ እጆቹን እንደ ክንፍ ያርገበግባል። እናቱ አጠገቡ ቁጢጥ ብላለች፣ ፊቷ አይታይም። የሚቀርጸው ሰው ሲስቅ ይሰማል። ከሥሩ «ሲስተሙ ሃንግ አደረገ» ተብሎ ተጽፏል። አንዱ «ሪስታርት አድርጉት» አለ። ሌላው የአንዱን ጓደኛችንን ስም ጠርቶ «ይሄ እኮ አንተ ነህ፣ ኦቲዝም» አለው። እኔ ምንም አልጻፍኩም። የሳቅ ምልክቷን ግን ተጫንኩ።

ማታ አንዲት እኅታችን በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «የኔም ልጅ እንደዚያ ያደርጋል» ነው ያለችው። ሌላ ቃል የለም።

አምስት ዓመት አብረን አገልግለናል። ልጅ እንዳላት አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ይዛው ስትመጣ ግን አይቼ አላውቅም። ለምን ብዬም ጠይቄ አላውቅም።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 14 ላይ እንዲህ የሚል ትእዛዝ አለ፦ «ደንቆሮን አትርገም፥ በዕውርም ፊት ዕንቅፋት አታድርግ፥ ነገር ግን አምላክህን ፍራ»። ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። በዚያ ሌሊት ግን ቆም አልኩበት። የዕንቅፋቱ ነገር ግልጽ ነው፣ ዕውሩ ተደናቅፎ ይወድቃል። ደንቆሮው ግን ቢረገም ምን ይሆናል? አይሰማም! ሰው ካልሰማው ስድብ ማን ተጎዳ? ሕጉ ለምን ተጻፈ?

መልሱ እዚያው ቁጥር ውስጥ ነው። «አምላክህን ፍራ።» ተሰዳቢው ባይሰማም የሰማ አለ። ያ ሰው ለራሱ መመለስ ስለማይችል ጉዳዩን እግዚአብሔር በራሱ እጅ ያዘው።

እኛ ስልክ ላይ ስንስቅ በልባችን የምንለው ይኼንኑ ነው። «ልጁ የት ያየዋል?» እንላለን። «ቢያየውስ ምን ይገባዋል?» እንላለን። የመጀመሪያው ውሸት ነው። እናት አየችው። ሁለተኛውም ውሸት ነው። በአፋቸው ሳይናገሩ የሚባለውን ሁሉ የሚረዱ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች አሉ። ተምረው፣ ሥራ ይዘው፣ እኛ ከምንቀልድበት ገጽ ላይ የሚያነቡም አሉ። ዝም ብለው ያልፉናል እንጂ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። «ደንቆሮ» የሚለውን ቃል ተመልከቱት። በመጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ መስማት የተሳነው ማለት ነው። ዛሬ ግን መስማት ለተሳነው ሰው ደፍራችሁ አትሉትም፣ ምክንያቱም ስድብ አድርገነዋል። የሰው ሕመም ወይም ጉድለት የሚጠራበትን ቃል አፋችን ውስጥ አቆይተን ስድብ አድርገን እንተፋዋለን። አሁን ተራው የ«ኦቲዝም» ነው። በአማርኛችን ገና አዲስ ቃል ነው። እናቶች ሐኪም ቤት ሄደው የልጃቸውን ሁኔታ የሚጠራላቸው ቃል አገኘን ብለው ሳይጨርሱ፣ ጎረምሳው ለጓደኛው መሳደቢያ አደረገው።

ኦቲዝም ምንድን ነው? በአጭሩ፣ የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። ልጁ ከመወለዱ በፊት የሚጀምር፣ በአብዛኛው ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ። ከሰው ጋር መግባባትን፣ ድምፅና ብርሃን ወይም ንክኪ የሚሰማበትን መንገድ፣ ለውጥን የመቀበል አቅምን ይነካል። ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው በጣም ይለያያል። አንዱ ምንም ላይናገር ይችላል፣ ሌላው ስለሚወደው ነገር ሦስት ሰዓት ሙሉ ያወራችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰው አንዱ ገደማ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። በግምቱ ከሄድን፣ አንድ ሺህ ምእመን ካለበት አጥቢያ ሰባት ስምንቱ ማለት ነው። የት ናቸው? ብዙዎቹ ቤት ናቸው፣ በር ተዘግቶባቸው።

በር የሚዘጋው ደግሞ ብዙ ጊዜ እኛ የምንናገረውን በመፍራት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የእድገት እክል ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎች ተጠይቀው፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። የልጃቸው ሁኔታ ከምን መጣ ሲባሉ የጭንቅላት ጉዳትንና የወሊድ ችግርን ያነሱ አሉ። ርኩስ መንፈስን፣ የራሳቸውን ኃጢአት ያነሱም አሉ። «ኃጢአቴ ነው» ያለችው እናት ይህን ከራሷ አላመነጨችውም። አንዳችን ነግረናታል።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ጌታን «ማን ኃጢአት ሠራ፤ እርሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለውታል። ልብ በሉ፣ ሰውየው እዚያው አጠገባቸው ነው። ዓይኑ አያይም እንጂ ጆሮው ይሰማል! ጌታም «እርሱም ኃጢአት አልሠራም ወላጆቹም አልሠሩም» አለ (ዮሐ. 9፥3)። በዚህ ነገር የተማረውም ዓለም ከደቀ መዛሙርቱ ብዙ የራቀ አልነበረም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 አሜሪካ ውስጥ ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ካሳወቀ በኋላ፣ ለዓመታት ጥፋቱ «ፍቅር በነፈገች» እናት ላይ ሲደፈደፍ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ 12 ልጆችን ብቻ የያዘ አንድ ጽሑፍ ክትባትን ከሰሰ። ያሳተመው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2010 ጽሑፉን ሰርዞታል። ወሬው ግን አልተሰረዘም። ዛሬም በስልካችን ይዞራል።

አሁን ወደ ሐና ልውሰዳችሁ።

ሐና በሴሎ በእግዚአብሔር ቤት ቆማ ትጸልያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ አያት። «እንደ ሰከረች ቈጠራት» ይላል መጽሐፉ (1ኛ ሳሙ. 1፥13)። ዔሊ ክፉ ሰው አልነበረም። ያየውም ነገር ውሸት አልነበረም፣ ከንፈሯ በእርግጥ ይንቀሳቀስ ነበር። የተሳሳተው ትርጉሙን ነው። ሌሎች ሰካራሞችን ስላየ ይቺንም ከነሱ ቆጠራት። ውስጧ ያለውን ለማወቅ መጠየቅ ነበረበት። እሱ ግን ሳይጠይቅ ገሠጻት።

የኛ ሃያ ሰከንድ ቪዲዮም የሐና ከንፈር ነው። እጁን የሚያርገበግብ ልጅ አየን። ምን ማለት እንደሆነ ግን አላየንም። እኅታችን በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ ልጇ እጁን የሚያርገበግበው ሲጨንቀው ራሱን ለማረጋጋት ነው፣ ሲደሰትም ያደርገዋል። የሱፐርማርኬቱ ልጅ ጆሮውን የደፈነው ባለጌ ስለሆነ አይደለም። እኛ የማንሰማው የፍሪጁ ጉርምርምታ፣ የመብራቱ እዝዝታ፣ የካሸሯ ማሽን ጢጥታ፣ ሁሉም እኩል ጮኾ ይገባበታል። የኛ አእምሮ ያጣራልናል። የሱ አያጣራለትም። ልጁ ዓይን ዓይናችንን አለማየቱ ንቀት አይደለም። አንዲት ሴት «ና ሳመኝ» ስትለው መሸሹም ጥላቻ አይደለም።

መደጋገምም አለ። አንድ ቃል ይዞ ሲመላለስበት ይውላል። እኛ ደግሞ እንስቃለን። ማን ነን የምንስቀው? «ኪርያላይሶን»ን አርባ አንድ ጊዜ በጣታችን እየቆጠርን የምንል እኛ ነን። በወረብ ጊዜ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየተወዛወዝን የምናመሰግን፣ እያጨበጨብን እልል የምንል እኛ ነን። ይህን የማያውቅ ሰው ድምፁን አጥፍቶ ሃያ ሰከንድ ቢቀርጸን ከሥሩ ምን ብሎ ይጽፍብን ይሆን? እኛ ግን ድግግሞሹ ልብን እንደሚሰበስብ እናውቃለን። ልጁም ያውቃል።

ዴሚያን ሚልተን የሚባል፣ ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ነገር ጽፏል። አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው ይላል። እነሱ እኛን ለመረዳት እንደሚቸገሩት ሁሉ እኛም እነሱን መረዳት አቅቶናል፣ ግን ጉድለቱን የምንጽፈው በእነሱ ስም ብቻ ነው። ይህን ሳነብ ዔሊ ትዝ አለኝ። ሐና ሰካራም አይደለሁም፣ ልቤ አዝኖ ነው ስትለው አልተከራከራትም። «በደኅና ሂጂ» ብሎ መረቃት። ካህን ሆኖ፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተመለሰ።

አሁን ለኛ ለአገልጋዮቹ። የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7ን አንብቡት። መስማትና መናገር የሚቸግረውን ሰው ወደ ጌታ አመጡት። ሕዝቡ ተሰብስቧል፣ ተአምር ይጠበቃል። ጌታ ግን መጀመሪያ ያደረገው ምንድን ነው? «ከሕዝቡም ለይቶ ለብቻው ወሰደው።» ከግርግሩ አወጣው። ከዚያ ጣቶቹን በጆሮዎቹ አገባ፣ መላሱን ዳሰሰ። ለማይሰማ ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ በእጁ ነገረው። ሲጨርስም ለማንም እንዳይናገሩ አዘዛቸው።

እኛስ? እኛ ልጁን ወደ ሕዝቡ መሐል እንጎትተዋለን። ድምፅ ማጉያ እንከፍትበታለን። ሳናስጠነቅቀው ቀዝቃዛ ውኃ እናፈስበታለን። ሲጮህ «መንፈሱ ጮኸ» እንላለን። ቀርጸን እንለቀዋለን። ጠበልን እየተቃወምኩ እንዳይመስላችሁ፣ እኔም በጠበል ያደግሁ ሰው ነኝ። የምለው ሌላ ነው። ቆዳው ሁሉን ነገር እጥፍ አድርጎ የሚሰማ ልጅ ሲነካ ቢጮህ፣ የጮኸው ልጁ ነው። ቀድማችሁ ንገሩት፣ ውኃውን በእጁ አስነኩት፣ ከእናቱ ጋር ይሁን። ስልኩም ኪስ ይግባ። ከጠበሉም አጠገብ ሐኪም አይከልከል።

«ያሳዝናል» ብሎ ማጋራትም ያው ነው። እንባ ያለበት ምልክት ብታደርጉበትም የልጁን ክፉ ሰዓት አደባባይ አወጣችሁት። ደግሞ እባካችሁ «እነሱ እኮ መላእክት ናቸው» አትበሉ። መላእክት አይደሉም። ይናደዳሉ፣ ያኮርፋሉ፣ ይዋሻሉም፣ ይቀልዳሉም። እንደኔና እንደናንተ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠሩ ሰዎች ናቸው፣ በቂ ነው።

በሀገራችን ይህን በር መጀመሪያ በአደባባይ ካንኳኩት አንዷ ዘሚ የኑስ ናት። ኦቲዝም ያለበት ልጇን ትምህርት ቤቶች ሲመልሱባት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ሰው ልጁን በሚደብቅበት ዘመን ልጇን ይዛ ወጥታ ስለ እሱ በግልጽ ተናገረች። እ.ኤ.አ. በ2021 አርፋለች። እኔ ስሟን የሰማሁት ብዙ ዘግይቼ ነው፣ አፍሬ ነው የምናገረው።

ወደ እኅታችን ልመለስ። በማግስቱ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ለኔ አይደለም፣ የሳቅከው ግሩፕ ላይ ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች። ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። ሳቄን አነሳሁ፣ ቪዲዮው እንዲጠፋ ለመንኩ። ጠፋ። አንዱ «አሁን ቀልድም ተከለከለ?» ብሎ ግሩፑን ለቆ ወጣ። እስካሁን አልተመለሰም፣ ብቻውን ላገኘው አስቤያለሁ።

በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ቀትር ላይ ልጇን ይዛው መጣች። ቀኑን የመረጠችው ራሷ ናት። ሰው ጥቂት ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚያ ሳምንት መሳሳምና መጨባበጥ የለም። ማንም ጉንጩን አይጎትተውም። ከድምፅ ማጉያው ርቀው አጥሩ ጋ ካለው ጥድ ሥር ቆሙ። ልጁ ትልቅ የጆሮ መከለያ አድርጓል። ስግደቱ ሲጀመር አንዴ አንገቱን አዞረ። እጆቹን አርገበገበ። አንዲት እናት ዘወር ብለው አዩትና ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ስግደታቸው ተመለሱ።

ማታ እንደገና በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «ታክሲ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ ኪርያላይሶን እያለ ነው የሄደው። ረዳቱ አሜን እያለ ሒሳብ ይሰበስብ ነበር።»