«ኮምፒውተሩ ሞቷል» እና ሌሎች የጋራዥ ወሬዎች

መኪናው አንዴ ይነሳል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ጠዋት ሰላም ነው፣ ከሰዓት መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ጋራዥ ሲደርስ ደግሞ ምንም የለበትም። ይሄኔ አንዱ ኮፋኖው ላይ ተደግፎ «ኮምፒውተሩ ነው፣ ቀይረው» ይላል፤ ሞተሩን የሚያዘውን ሳጥን ማለቱ ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራዬ ነውና ይህችን ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም። ሰልችቶኛል።

ትንንሾቹን ወሬዎች ቶሎ ልጨርስ።

«ቼክ ኢንጅን ካልበራ የኤሌክትሪክ ችግር የለም።» ሊኖር ይችላል። ለአፍታ ብቻ የሚቋረጥ መስመር ኮድ (ኮምፒውተሩ የሚይዘው የብልሽት ቁጥር) እስኪመዘገብ ላይቆይ ይችላል።

«ባትሪውን ነቅሎ መመለስ ነው።» በዚህ የሚድን ብልሽት የለም፤ የሚጠፋ መረጃ ግን አለ። ኮዱና ኮዱ ሲመዘገብ የነበረው የሞተር ሙቀትና ዙር አብረው ሊደመሰሱ ይችላሉ። እኔ የምፈልገው ደግሞ እሱን ነው። እባካችሁ አትንቀሉ።

«ፒ0335 ካለ የክራንክ ሰንሰሩ ይቀየር።» ይህ ሰንሰር የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚናገር ነው፤ ኮዱ የሚለው ግን ችግሩ በሰንሰሩ መስመር ላይ ነው። ሽቦውም ሶኬቱም መስመሩ ውስጥ ናቸው። እርግጥ ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ሰንሰር ሞልቷል። ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩ እየሠራ ሰንሰሩን በፀጉር ማድረቂያ አሙቁት። ሞተሩ ከጠፋ ሌባው ተያዘ።

«ቴስተሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ጮኸ፣ ሽቦው ደህና ነው።» ውስጡ ተበጣጥሶ አንድ ክር ብቻ የቀረው ሽቦም ያስጮኻል። በዚያ ሽቦ የ21 ዋት አምፖል አብሩ። ከደበዘዘ ጉዱ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው። ኮምፒውተሩ ከሽቦው፣ ከሶኬቱና ከሪሌው በፊት የሚበላሽበት ጊዜ ጥቂት ነው። መጥቶ የሚሄድ ብልሽት ይዞ ለመጣ መኪና መጀመሪያ የማየው ማሳውን ነው፤ ከባትሪው ነጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ቦዲው የሚሄደውን ገመድ። ማሳው ሲላላ ለኮምፒውተሩ የሚደርሰው ቮልቴጅ ይዋዥቃል። ማራገቢያውና መብራቱ አብረው ሲበሩ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው ዙር) ይንቀጠቀጣል፣ ከባሰ ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ያበራል። ባለቤቱ ያው «ኮምፒውተሩ» ይላል።

አንዲት ቪትዝ መጣችልኝ። ባለቤቷ ከሶማሌ ተራ ሁለት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ገዝቶ ሞክሯል። ሁለቱም ደህና ነበሩ! እሷ ግን ሽቅብ ስትወጣ ትጠፋለች። ቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ አድርጌ መብራትና ማራገቢያ አስበራሁ። 0.8 ቮልት። ከ0.1 ባይበልጥ ነው ደጉ። ገመዱን ስከተል ቦዲው ላይ የታሰረበት ቡሎን ሥር ወፍራም አዲስ ቀለም አለ። መኪናዋ ቀለም ተቀብታ ነበር፣ ገመዱንም ቀለሙ ላይ አስረውታል። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈግኩት፣ መልሼ አሰርኩት፣ አለቀ። ሰውዬው የኮምፒውተሮቹን ዋጋ ሲያስብ ፊቱን ማየት ነበረባችሁ።

እናንተም ይህን ለክታችሁ ኑ። የቴስተሩን ጫፍ የባትሪው ፖሎ (ከባትሪው የወጣው የእርሳስ ጉጥ) ላይ ራሱ አድርጉ እንጂ ማሰሪያው ላይ አይሁን፤ የላላው ማሰሪያው ሊሆን ይችላላ። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ሶኬቶቹንና ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅነቅ አድርጉ። ሁሉንም በአንዴ ከነቀነቃችሁ የቱ እንደሆነ አታውቁም።

«ለውድድር የሚገጠም ኮምፒውተር ስለሆነ ነው የሚያስቸግረው።» እንደ ሀልቴክ፣ ሊንክ ወይም ሜጋስኩዊርት ያለ በላፕቶፕ የሚስተካከል ኮምፒውተር የገጠመ ሰው ይህን ሲል ይገርመኛል። እነዚህ እኮ ሲነዱ የሆነውን መዝግበው ያሳያሉ። ሞተሩ በጠፋባት ቅጽበት የባትሪ ቮልቴጁ ወድቆ ከሆነ ኃይል ሰጪውን መስመር ያዙ። ቮልቴጁ ደህና ሆኖ የክራንክ ምልክቱ ከተምታታ የሰንሰሩ ሽቦ ለካንዴላ እሳት ከሚሰጠው ኮይል ገመድ ጋር አብሮ ታስሮ እንደሆነ እዩ። ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ረብሻውን የሚቀንስ) የሌለው ካንዴላም ምልክቱን ያምታታል። ኤንጂኬ ከሆነ ቁጥሩ ውስጥ «አር» የምትለውን ፊደል ፈልጉ።

ኮምፒውተር ጭራሽ አይበላሽም አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ አንዳንድ ሚትሱቢሺዎች የኮምፒውተራቸው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ፈሳሽ ያንጠባጥብና ቦርዱን ይበላል። ሲከፈት ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ያን ካያችሁ ቀይሩ። ቁልፉን የሚያውቅ ኢሞቢላይዘር ያለበት መኪና ከሆነ ግን ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ መሰካት ብቻ አያስነሳውም፤ ቁልፉ መመዝገብ አለበት። ሻጩን ይህን ሳትጠይቁ ብር አታውጡ።