«እምብዛም የማይታይ ሕመም» ሲባል

በጎንደር ሆስፒታል ዘመዱን የሚያስታምም ሰው ከሐኪሙ አንደበት «ይህ እምብዛም የማይታይ ሕመም ነው» የሚል ቃል ሲሰማ፣ ብዙውን ጊዜ የሚደነግጠው «መድኃኒት የለውም» የተባለ መስሎት ነው። አባባሉ ግን የሚገልጸው የሕሙማኑን ቁጥር እንጂ የሕመሙን ክብደት አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከ10,000 ሰዎች ከ5 የማይበልጡትን የሚይዝ ሕመም በዚህ ምድብ ይገባል፤ በአሜሪካ ደግሞ መለኪያው በመላ አገሪቱ ከ200,000 ያነሱ ሕሙማን መኖራቸው ነው።

ለምሳሌ ልባቸው በቀኝ፣ ጉበታቸው በግራ፣ የሆድ ዕቃቸውም በሙሉ ተገላብጦ የሚወለዱ ሰዎች አሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ጤነኛ ሆነው ያረጃሉ፤ ችግሩ የሚመጣው ትርፍ አንጀታቸው ሲታመም ሕመሙ እንደተለመደው በቀኝ ሳይሆን በግራ በኩል ሊሰማቸው ስለሚችል፣ ሁኔታውን ያላወቀ ቀዶ ሐኪም ሌላ በሽታ ሊጠረጥር በመቻሉ ነው። ስለዚህ ይህን ስለ ራሱ የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

የአንድ ሕመም ሕሙማን ቁጥር ከቦታ ቦታ ይለያያል። ብዙ የሰሜን አውሮፓ ሐኪሞች በሥራ ዘመናቸው የማያገኙት፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር የተባለ በሽታ፣ በመተማና በሁመራ ቆላ እርሻዎች ሠርተው በሚመለሱ ወጣቶች ላይ ለጎንደር ሐኪሞች የታወቀ ነው፤ ካልታከመም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። ትኩሳቱ ሳምንታትን ከዘለቀና ሆድ ካበጠ፣ ሕመምተኛው የት ሲሠራ እንደቆየ ሳይጠየቅም ቢሆን ሊናገር ይገባል።